የሠራዊት ቀለብ በዋግ፦ ከተሠሪ እስከ በጀት

የተሠሪ ሥርዓት ማለት ወታደር በገበሬ ቤት ገብቶ የሚያድርበት፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት የቆየ ልማድ ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታትና መሳፍንት ሠራዊት በአብዛኛው ቋሚ ሰፈር አልነበረውም፤ በወር በወር የሚቆረጥለት ደመወዝና የተደራጀ የስንቅ ክፍልም አልነበረውም። በደረሰበት አገር ያለው ጎጆ ማደሪያው፣ የገበሬው ጎተራ ግምጃ ቤቱ ነበር። ሠራዊት በአንድ አገር ውስጥ ምን ቦታ ሊኖረው ይገባል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በሕገ መንግሥት አንቀጾች የሚመለስ ነው። በዋግ ደጋ ግን ለብዙ ትውልድ ሲጠየቅ የኖረው ወታደሩን የሚያበላው ማን ነው፣ በማንስ ትእዛዝ ነው ተብሎ ነበር።

ዋግ ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ተብሎ የሚታወቀው አገር ነው። ዋና ከተማው ሰቆጣ ሲሆን አምደወርቅ የደሃና ወረዳ መቀመጫ ነው። ሕዝቡ ኽምጣኛና አማርኛ ይናገራል። ደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ የማሽላ፣ የፍየልና የማር አገር ነው። ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር የሚተላለፍበት ትልቅ ገበያ ስለነበር ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጣ ጦር ዐይኑን ይጥልበት ነበር። ምድሩ ግን ተራራና ገደል ነው። ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረ ሠራዊት ይዞት ሊጓዝ የሚችለው በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ጀርባ የሚጫነውን ያህል ብቻ ነበር። የቀረውን ከመንገዱ ማግኘት ነበረበት።

ክተት ሲታወጅ ዘማቹ ከቤቱ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ቋጥሮ ይነሣል። ይህ ስንቅ ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። ከተዋጊው ኋላ ሚስቱ፣ አሽከሩ፣ እህል ፈጪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ በቅሎ ጎታቹ ይከተላሉ፤ ስለዚህ የሚበላው ሰው ቁጥር ሁልጊዜ ከሚዋጋው እጅግ ይበልጣል። ስንቁ ሲያልቅ ተሠሪው ይጀምራል። የአገሩ ጭቃ ሹም ወታደሩን በየቤቱ ይደለድላል። እማወራዋ ሌሊቱን ወፍጮ ላይ ታድራለች፤ ጠላው ይጠመቃል፤ በጉ ይታረዳል፤ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ለበቅሎ ይሰፈራል፤ ማገዶ ሲጠፋ የአጥሩ እንጨት ይነቀላል። ጦሩ አንድ ሌሊት አድሮ ቢያልፍ ቤተሰቡ እንደ ምንም ይተርፋል። ክረምቱን እዚያው ከከረመ ግን የዘር እህል ያለቀበት ገበሬ በቀጣዩ ዓመት የሚዘራው አይኖረውም። ዕዳ ይገባል፤ ወይም ቀዬውን ትቶ ይሰደዳል፤ አለዚያም እሱ ራሱ ከአንዱ መስፍን ጭፍራ ገብቶ በሌላ አገር የሌላውን ገበሬ ጎተራ የሚከፍት ይሆናል። በዘመነ መሳፍንት የወታደሩ ቁጥር የበዛውና የአራሹ ቁጥር የተመናመነው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ይህን በደል የአንዳንድ ክፉ ወታደሮች ጥፋት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። አለቃው ደግ የሆነለት ጦርም ሳይበላ አያድርም፤ ደመወዝ በሌለበት አገር ዘረፋን መከልከል ወታደሩን ጦምህን እደር ማለት ነበር።

ወታደሩ የሚታዘዘውም ለሚያበላው ጌታ ነበር። ንጉሡ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በየአውራጃው ያሰፈራቸው ጨዋ የሚባሉ የጦር ክፍሎች ነበሩት፤ ከእነርሱ ጎን ግን እያንዳንዱ ትልቅ ባላባት የራሱን ጭፍራ በማደሪያ መሬት ይይዝ ነበር። ዋግ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። የዋግ ገዥዎች፣ ዋግሹሞች፣ ትውልዳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በወግ እንደሚነገረው በ13ኛው ምዕተ ዓመት መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ቤት ሲመለስ ዋግን በዘር የመግዛት፣ ነጋሪት የማስመታትና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ተጠብቆላቸዋል። ነጋሪት የማስመታት መብት የክብር ብቻ አልነበረም፤ ጦር የመጥራት ሥልጣንም ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም የዋግ ሰው የሚወጣው ዋግሹሙን ተከትሎ ነው። ዋግሹሙ ለንጉሡ ከታመነ ጦሩም ታማኝ ነው፤ ዋግሹሙ ከሸፈተ ጦሩም ይሸፍታል። በዚያ ዘመን የአገር የሚባል ሠራዊት አልነበረም፤ የነበረው የሰው ሠራዊት ነው።

ይህን ለመለወጥ ቆርጠው የተነሡት የመጀመሪያው ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1847 ዓ.ም ከነገሡ በኋላ የየመስፍኑን ጭፍራ ቀላቅለው በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃና በሻለቃ ደለደሉት፤ ለወታደሩ ደመወዝ ሊቆርጡ ሞከሩ፤ ገበሬውን መዝረፍም ከለከሉ። አሳቡ ትክክለኛ ነበር። ደመወዙ የሚከፈልበት የማያቋርጥ ገቢ ግን አልነበራቸውም። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቀንሰው ለጦሩ ለማዋል ሲነሡ ካህናቱ ተቃወሟቸው፤ የየአውራጃው ባላባትም ሸፈተ። ከዚያ በኋላ ዘረፋን የከለከሉት ንጉሥ ራሳቸው ዘረፋን አዘዙ። በ1859 ዓ.ም ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም፤ የበጌምድር ገበሬም እንዲሁ ተራቆተ። ዋግም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቀሏቸው፤ ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜም ሸፍተው ዋግንና ላስታን ያዙ። ቴዎድሮስ በመጨረሻ ወደ መቅደላ ሲወጡ በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦራቸው ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር።

በ1860 ዓ.ም ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ባሕር ዳርቻ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በአዲግራት፣ በእንጣሎና በአሸንጌ በኩል አድርጎ የዋግንና የላስታን ምሥራቃዊ ጠርዝ ይዞ ወደ መቅደላ አለፈ። ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን ፈቀዱለት። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ተዋጊ፣ ከዚያ የሚበልጥ አጃቢና በሺዎች የሚቆጠር የጭነት እንስሳ ይዞ ነበር፤ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖችም አብረው ነበሩ። የአገሩ ሰው በዚያን ጊዜ ያየው አዲስ ነገር ዝሆኑና መድፉ ብቻ አልነበረም። ይህ ጦር የሚበላውን ይገዛ ነበር። ገበሬው ገብሱን፣ ሣሩን፣ ማሩንና እንጨቱን ወደ ሰፈሩ እያወረደ በማርያ ቴሬዛ ብር ይሸጥ ነበር። ለዚሁ ሲባል ብሩ በመቶ ሺዎች እየተቆጠረ ከአውሮፓ መጥቷል። ይህ የሆነው እንግሊዞች ከኢትዮጵያውያን ይልቅ ርኅሩኅ ስለነበሩ አይደለም፤ በማያውቁት አገር በሰላም ለማለፍ ከፍሎ መብላት የተሻለ መሆኑን ስላሰሉ ነው። መቅደላ ሲወድቅ የቤተ መንግሥቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዘርፎ የሄደው ይኸው ጦር ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል፤ ከኋላው ገንዘብ የሚመድብለት መንግሥት ያለው ሠራዊት ያለ ተሠሪ ሊጓዝ ይችላል።

ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ መድፎችና 850 ያህል ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ዋግሹም ጎበዜ በበኩላቸው ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሦስት ዓመት ያህል ገዝተው በሐምሌ 1863 ዓ.ም አድዋ አጠገብ ከካሣ ጋር ተዋጉ። በቁጥር ብዙ እጥፍ የሚበልጠው የተክለ ጊዮርጊስ ጦር፣ ኪርካም በሚባል እንግሊዛዊ ሥልጠና ባገኘው አነስተኛ ጦር ተሸነፈ። ንጉሡ ተማርከው ዐይናቸው ጠፋ፤ በእስር እንዳሉም ሞቱ። ካሣ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ከዋግ የወጣው የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ዕጣ ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ዙፋን የሚያዘው በሰው ብዛት ሳይሆን በመሣሪያና በሥልጠና እየሆነ ሄደ፤ መሣሪያና ሥልጠና ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ተሠሪውን ያናጋው ግን ከጦርነት ይልቅ ረኀብ ነው። በ1880 ዓ.ም አካባቢ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የሰሜኑንና የመሐሉን አገር በሬ ጨረሰ። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ያላረሰ ገበሬም ተሠሪ ሊቀልብ አልቻለም። ክፉ ቀን በሚባለው በዚያ ዘመን ገበሬውና ወታደሩ አብረው አለቁ። ዐፄ ምኒልክ ረኀቡ ጋብ ሲል ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ፣ ማለትም አሥራት፣ ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባና ወታደሩ ቀለቡን ከዚያ እንዲቀበል፣ ወደ ገበሬው ቤት መግባቱም እንዲቀር አዘዙ። ይህ ትእዛዝ በኢትዮጵያ የሠራዊት ታሪክ ውስጥ ከብዙ ጦርነቶች የበለጠ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። በወታደሩና በገበሬው መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ መስፈሪያ ገባ፤ ገበሬው የሚከፍለው ልክ ታወቀ፣ ወታደሩም የሚቀበለው ከሦስተኛ እጅ ሆነ። አፈጻጸሙ ግን ከአገር አገር ይለያይ ነበር። በደቡብ የወታደሩ ደመወዝ ገባር መሆኑ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ቀጥሏል፤ የዚያ ሥርዓት ጠባሳ ዛሬም አልሻረም።

አሥራቱ በአድዋ ዘመቻ ተፈተነ። በ1888 ዓ.ም ምኒልክ በየመንገዱ እህል አከማችተው በወሎ በኩል ወደ ትግራይ ሲዘምቱ የዋግ ጦር በዋግሹም ጓንጉል እየተመራ ከፊተኞቹ ጋር ነበር፤ ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ፣ ኋላም በመቀሌና በአድዋ ተዋግቷል። ይሁንና ያ ሁሉ ዝግጅት ተደርጎ ሠራዊቱ የካቲት ሲደርስ ስንቁን ጨርሶ ነበር። የትግራይ ገበሬ ከክፉ ቀን ሳያገግም ያንን ሁሉ ሰው ሊያበላ አይችልም ነበር፤ የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገስ ኖሮ ምኒልክ ረኀቡ አስገድዷቸው ሊመለሱ ይችሉ ነበር። የአድዋ ድል ክብር ለዘማቹ ሲሰጥ የትግራይ፣ የዋግና የላስታ ገበሬ ያቀረበው እህልም አብሮ መቆጠር አለበት።

ወታደርን በሰው ቤት ማሳደር ሌሎች አገሮችንም ያስመረረ ልማድ ነው። የእንግሊዝ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1628 ለንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ካቀረባቸው አቤቱታዎች አንዱ ወታደርና መርከበኛ ያለ ፈቃድ በሕዝብ ቤት መመደቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ በሰላም ጊዜ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ቋሚ ጦር ማቆምን ሕገ ወጥ አደረገ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሦስተኛው ማሻሻያም እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ በሰላም ጊዜ ወታደርን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በማንም ቤት ማሳደርን ይከለክላል። እነዚህ ሕጎች የተጻፉት ወታደርን በመጥላት አይደለም። የሚቀለብበትን ገንዘብ የሕዝብ እንደራሴዎች ካልፈቀዱለት ጦሩ በንጉሡ እጅ የግል መሣሪያ ሆኖ እንደሚቀር በተግባር ስለታየ ነው። በኢትዮጵያ የተሠሪው መቅረት በንጉሥ ቸርነት የመጣ ስለነበር የሕዝብ እንደራሴ ፈቃድ የሚባለው ነገር ገና አልታሰበም ነበር።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ተሰጠ። የጦር ሚኒስቴር ግን ለጊዜው ስም ነበር፤ ጦሩ ገና በየመኳንንቱ እጅ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የክብር ዘበኛን አሠልጥነው፣ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ከፍተው ሳይጨርሱ ጣልያን በ1928 ዓ.ም አገሩን ወረረ። ያን ጊዜ በሰሜን ግንባር የተሰለፈው አብዛኛው ጦር፣ የዋግንም ጨምሮ፣ እንደ አባቶቹ በየጌታው ሥር ስንቁን ቋጥሮ የወጣ ዘማች ነበር። በወረራው ዘመን የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሥተው ጣልያንን ሲዋጉ ቆይተው በመስከረም 1930 ዓ.ም ተገደሉ። ጣልያኖች አንገታቸውን ቆርጠው ለሕዝብ ማሸበሪያ አደረጉት። አርበኛውን በየገደሉ ይቀልብ የነበረው ገበሬ ነው። አርበኛ ያስጠጋ ቤቱ እንደሚቃጠል እያወቀ እንጀራውን ያካፈለ ነበርና ያ ቀለብ ከተሠሪ ጋር በአንድ ሊቆጠር አይችልም።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ደንብ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎችን የመንግሥት ደመወዝተኛ አደረጋቸው፤ የግል ጦር የማቆም ሥልጣናቸውም ቀረ። ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነች። የዋግሹሞች ነጋሪት ጦር መጥራቱ በዚህ አበቃ። ለዘመናት ያልተቻለው ነገር በአንድ ደንብ ተቻለ፤ ምክንያቱም ንጉሠ ነገሥቱ አሁን ደመወዝ የሚከፍሉት ጦር፣ ቀጥሎም በ1945 ዓ.ም ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት የመጣ መሣሪያና ሥልጠና ነበራቸው። ችግሩ ወደ ሌላ ቦታ ዞረ። ጦሩ የየባላባቱ መሆኑ ቀርቶ የንጉሠ ነገሥቱ ሆነ እንጂ የሕዝቡ አልሆነም። በ1936 ዓ.ም መጀመሪያ በትግራይ በተነሣው የወያነ ዐመፅ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በንጉሠ ነገሥቱ ጥያቄ መቀሌን ደበደቡ። በ1960 ዓ.ም አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ የጎጃም ገበሬ አልከፍልም ብሎ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከበት። ገበሬው በግብሩ ያቆመው ሠራዊት በራሱ ላይ ሲዘምትበት ለምን ብሎ የሚጠይቅ ምክር ቤት አልነበረም። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተመረጠ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢፈቅድም የጦሩ ጉዳይ የንጉሠ ነገሥቱ የግል ሥልጣን ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ንጉሡን ብቻ የሚያውቅ ሠራዊት ንጉሡን የተጠራጠረ ዕለት የሚያቆመው የለም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከሩ። ሙከራውን ያከሸፈው ጦር ወራት ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፣ ተሰጠውም። ወታደሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቱን ዐወቀው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም በነገሌ ቦረና የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ ተራ ወታደሮች የሚበሉት ምግብ መበላሸቱና የውኃ ፓምፓቸው ተሰብሮ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ መቅዳት መከልከላቸው አስቆጥቷቸው አዛዦቻቸውን አሰሩ። ሁኔታውን ሊያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ከምግባቸው እንዲበሉና ከውኃቸው እንዲጠጡ አደረጓቸው። በዚሁ ዓመት በወሎ ረኀብ ገበሬው እያለቀ ነበር፤ የዋግ ሕዝብም ከተጎጂዎቹ አንዱ ነው። የወታደሩ የምግብ ጥያቄና የገበሬው ረኀብ ተገናኙና ዙፋኑን ጣሉት።

የወታደሩ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ ውጤቱ ግን አገሪቱን ለ17 ዓመት ወታደር እንዲገዛት አደረገ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም ከየክፍሉ የተወከሉ ከሻለቃ የማይበልጥ ማዕርግ ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው ደርግን መሠረቱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን አወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ሹማምንትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሸኑ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበራቸው ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ዕለት ተገደሉ። የተማረው ክፍል ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ሲጠይቅ የተመለሰለት በጥይት ነው። ወታደሮቹ አገር መውደዳቸው አያጠራጥርም፤ ብዙዎቹ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ሆኖም ራሱ ሕግ አውጪ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱም ግምጃ ቤት የሆነ ሠራዊት የሚሳሳትበትን ቀን የሚነግረው አያገኝም።

ደርግ ሲመጣ ከ50 ሺህ የማይበልጠው ጦር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠጋ። በ1969 ዓ.ም በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ብቻ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር። በ1975 ዓ.ም የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ሲወጣ ደግሞ ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተመደበ። ኮታው ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ መጣ፤ ወጣቱ ከገበያ፣ ከሠርግ ቤትና ከእርሻው ላይ ይታፈስ ጀመር። ወንድ ልጅ በየጫካው ማደር ልማዱ ሆነ። በዘመነ መሳፍንት ወታደሩ ገበሬው ቤት ገብቶ እህሉን ይበላ ነበር፤ አሁን ልጁን ይዞበት ሄደ። ሠራዊቱ ውስጥም የፖለቲካ ኮሚሳር ከአዛዡ በላይ ሆነ። በየካቲት 1980 ዓ.ም በኤርትራ ግንባር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ በቀጣዩ ወር በዚያው ግንባር አፍአበት በአማጽያን እጅ ወደቀች። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ብዙዎቹም ሕይወታቸውን አጡ። ሌላ የመፍትሔ መንገድ ስለተዘጋ ወታደራዊው መንግሥት በገዛ ወታደሮቹ እጅ ሊፈርስ ደርሶ ነበር።

ዋግ በዚህ ዘመን የሌላ ጦር ማደሪያ ሆነች። ኢሕዴን የተባለው የሸማቂ ድርጅት በኅዳር 1973 ዓ.ም በዋግ ምድር ተመሥርቶ ለዓመታት በዚያው አካባቢ ተንቀሳቀሰ። የሸማቂ ጦር ሕዝቡ ካልቀለበው አይኖርምና የዋግ ገበሬ ሌሊት ሌሊት ታጋዩን ሲያበላ፣ ቀን ቀን ለመንግሥት ጦር ሲገብር ከረመ። በ1977 ዓ.ም ረኀብ ከሁለቱም ወገን የሚበላው አጥቶ ወደ ኮረም ተሰደደ። በየካቲት 1981 ዓ.ም የደርግ ጦር በሽሬ ከተሸነፈ በኋላ አካባቢው በሙሉ በታጋዮቹ እጅ ገባ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ስትያዝ የደርግ ሠራዊት ተበተነ፤ አገር ጠባቂ ተብሎ የታፈሰው የገበሬ ልጅ በየመንገዱ እንጀራ እየለመነ በእግሩ ወደ መንደሩ ተመለሰ። አንድ መንግሥት ሠራዊቱን የራሱ አድርጎ ሲይዝ፣ መንግሥቱ የወደቀ ዕለት ሠራዊቱም አብሮ ይፈርሳል፤ በ1983 ዓ.ም የሆነው ይህ ነው። የመጣው የታጋይ ጦርም ለዓመታት ከድርጅቱ ሳይለይ ቆየ።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሠራዊቱ ቦታ ሲያበጅ ይህን ሁሉ ያየ ይመስላል። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንዲሆን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱ በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ እንዲሆንና ተግባሩን ከየትኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ያዛል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው፣ የጦርነት ዐዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የመከላከያና የጸጥታ ኃይሎች ሰብአዊ መብትንና የአገር ደኅንነትን የሚነካ ነገር ሲያደርጉ ምክር ቤቱ እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ክልሎች የሚያደራጁት ፖሊስ ነው፤ ጦር የፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ነው። የሲቪል ሚኒስትር ወግም ተከብሯል፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም ወይዘሮ አይሻ መሐመድ ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።

የሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ ይህን ቢልም ተግባሩ ሌላ መልክ ያዘ። ክልሎች ከፖሊስ የሚያልፍ ልዩ ኃይል አቋቋሙ፤ የዘመነ መሳፍንቱ የየአካባቢ ጦር በሌላ ስም ተመለሰ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም የአማራ ክልል ፕሬዚዳንትና የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም በአንድ ምሽት የተገደሉበት ሁኔታ የታጠቀ ኃይል በሕግ ካልታሰረ ምን እንደሚያመጣ አሳየ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም መጨረሻ በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ኃይሎች መካከል የሰሜኑ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ዋግ ገብቶ ሰቆጣም ተያዘች፤ የአበርገሌና የጻግብጂ ሕዝብ ተፈናቅሎ ለረጅም ጊዜ በመጠለያ ኖረ። የአማራ ክልል ገበሬ በዚያ ጊዜ በሬና በግ እየነዳ፣ ሴቶቹ በሶና ዳቦ ቆሎ እያዘጋጁ ለሠራዊቱ ስንቅ ላኩ። ብዙው በፈቃድና በፍቅር የተሰጠ ነው። በፈቃድ የሚሰጥ ስንቅ ግን የበጀትን ቦታ ሊተካ አይችልም፤ ዛሬ ስጦታ የሆነው ነገ ግዴታ እንዳይሆን የሚጠብቅ ሕግ ያስፈልገዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ተወሰነ። ውሳኔው ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚሄድ ቢሆንም ሕዝቡ በቂ ምክክር ሳያደርግበት፣ የሥጋቱም ምንጭ ሳይዘጋ ስለመጣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከተለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ዓ.ም መጨረሻ ለተጨማሪ አራት ወር ተራዝሞ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቆየ። በዚያ ጊዜ ሁሉ በክልሉ ከተሞችና ገጠሮች ከሲቪሉ አስተዳደር ይልቅ ዐዋጁን የሚያስፈጽመው የኮማንድ ፖስት ቃል ይሰማ ነበር። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አፈጻጸምን የሚመረምር ቦርድ በምክር ቤቱ እንዲቋቋም ያዛል፤ ቦርዱ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግና ኢሰብአዊ ድርጊት እንዳይፈጸም እንዲቆጣጠር ሥልጣን አለው።

ሕጉ አለ። የጎደለው የሚሠራበት ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመከላከያን በጀት በሚያጸድቅበት ጉባኤ ላይ በአንቀጽ 55 የተሰጠውን የማጣራት ሥልጣን ይጠቀምበት፤ ወታደሩ ያለ ደመወዝና ያለ ስንቅ የቀረበትን፣ ገበሬውም በማንኛውም ታጣቂ ቤቱና እህሉ የተወሰደበትን ጉዳይ በየወረዳው ጠይቆ ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ከአምደወርቅና ከሰቆጣ የተመረጡ እንደራሴዎች ይህን ጥያቄ ቀድመው ማንሣት አለባቸው፤ የመረጣቸው ሕዝብ ሠራዊትን በገዛ ጎተራው ሲቀልብ የኖረ ነውና።